አዲስ የሻወር ቱቦ ገጥሜ አሁንም ያንጠባጥባል፤ ሚክሰሩ ይቀየር?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጎንደር ማራኪ አካባቢ ነው። የእጅ ሻወራችን ቱቦ ከሚክሰሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ያንጠባጥብ ነበር። አዲስ ገዝቼ ራሴ ቀየርኩት። ቴፍሎን ደህና አድርጌ ጠቀለልኩበት፣ በፒንሳም እስከቻልኩ ድረስ አጠበቅኩት። አሁን ጭራሽ ባሰበት። ስንከፍተው ያንጠባጥባል፣ ስንዘጋው ትንሽ ቆይቶ ይቆማል። የጠራሁት ሰው ‹ሚክሰሩ አልቋል፣ ሙሉውን ቀይሪው› አለኝ። እውነት ነው? እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ነው የምትታጠበው። ያለ እጅ ሻወር አይሆንላትም። ውሃ የምናገኘው በፈረቃ ነው፤ ሌላውን ጊዜ ከሮቶ እንጠቀማለን።»

መልስ፦

እህቴ፣ ሚክሰሩን ለመቀየር አትቸኩዪ። መልሱን ጥያቄሽ ውስጥ ራስሽ ጽፈሽዋል። «ስንከፍተው ያንጠባጥባል፣ ስንዘጋው ትንሽ ቆይቶ ይቆማል» ብለሻል። ይቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ሚክሰሩን ነጻ ታወጣዋለች።

ሚክሰር በር ማለት ነው። ሙቁም ቀዝቃዛውም ውሃ በግድግዳው ውስጥ መጥቶ እዚያ በር ላይ ይቆማል። ስትከፍቺ ያልፋል፣ ስትዘጊ እዚያው ይቀራል። የሻወሩ ቱቦ ያለው ከበሩ ወዲህ ነው። ስለዚህ ሚክሰሩ ሲዘጋ ቱቦው ላይ የሚገፋ ነገር የለም። ውስጡ የቀረችው ውሃ ጠብ ጠብ ብላ ታልቃለች፣ በቃ። ሚክሰሩ ቢያልቅ ኖሮ ተዘግቶም ሌሊቱን ሙሉ ሲያንጠባጥብ ያድር ነበር።

እንደዚያ ቢሆን እንኳ ሙሉውን መቀየር የመጨረሻው አማራጭ ነው። በአንድ እጀታ የሚሠሩት ሚክሰሮች ውስጣቸው ካርትሪጅ የሚባል ክፍል አለ። የሚያልቀው እሱ ነው። ብዙ ጊዜ መጠኑ 35 ወይም 40 ሚሊሜትር ነው። አውጥተሽ ይዘሽው ሄደሽ የሚመስለውን ትገዣለሽ። አካሉ ካልተሰነጠቀና ጥርሱ፣ ማለትም ቱቦው እየዞረ የሚገጥምበት ጠመዝማዛ መስመር፣ ካልተበላ ሚክሰር አይጣልም። የጠራሽው ሰው ክፉ አስቦ ነው ለማለት አልደፍርም። ሙሉውን መቀየር ለሠራተኛ ይቀለዋል፣ ተመልሶ የመወቀስ ስጋትም የለበትም። ወጪው ግን የሚወጣው ከአንቺ ኪስ ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በዚህ ሥራ ላይ የማየው ስህተት ሁሉ፣ የባለሙያውም የባለቤቱም፣ ከአንድ ነገር አለማወቅ የሚመጣ ነው። የሻወር ቱቦ ላይ ውሃውን የሚይዘው ጥርሱ አይደለም። ውሃውን የምትይዘው ትንሿ ጎማ ናት።

ዳዶውን፣ ማለትም ቱቦውን ከሚክሰሩ ጋር የሚያስረውን ተሽከርካሪ ማሰሪያ፣ ስትፈቺው ወደ ውስጥ እዪ። ግርጌው ላይ ሳንቲም የምታህል፣ መሐሏ ቀዳዳ የሆነ የጎማ ቀለበት ትኖራለች። ሱቅ ላይ ዋሸር ወይም ጋስኬት ብትዪ ይገባቸዋል። የሚክሰሩ መውጫ ከንፈሩ ጠፍጣፋ ነው። የቱቦው ጫፍም ጠፍጣፋ ነው። ዋሸሯ ሁለቱ መሐል ገብታ ትጨመቃለች። ስትጨመቅ ክፍተቱን ትሞላለች፣ ውሃው መውጫ ያጣል። የዳዶው ጥርስ ሥራው ሁለቱን ጠፍጣፋ ፊቶች እያቀራረበ መሳብ ብቻ ነው። ውሃው ጥርሱ ጋ መድረሱ በራሱ ዋሸሯ እንዳልያዘች ይነግርሻል።

ታዲያ ቴፍሎን የት ነው የሚሠራው? ጎማ በሌለበት መገጣጠሚያ ላይ ነው። የብረት ቧንቧ ክርን ከሚባለው ማጠፊያ ጋር ሲገጠም፣ ኒፕል የምትባለው ባለ ጥርስ አጭር ማገናኛ ግድግዳ ውስጥ ስትገባ፣ እዚያ የሚያሽገው ጥርሱ ስለሆነ ቴፍሎን ያስፈልገዋል። ድሮ አባቶቻችን ቃጫና ቀለም የሚጠቀሙት ለዚያው ነበር። ልምዱ ወደ ሻወር ቱቦም ተሸጋገረና ሰው ሁሉ «ቴፍሎን ጨምርበት» ይላል። አንቺ ላይ የደረሰውም ይኸው ይመስለኛል። ቴፍሎኑ ጥርሱን አወፈረው። ዳዶው ዋሸሯ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ጠበቀ። እጅሽ ላይ «ጠብቋል» የሚል ስሜት ሰጠሽ። ውስጥ ግን ዋሸሯ ገና በደንብ አልተጨመቀችም። ከዚያ ፒንሳ መጣ። «ጭራሽ ባሰበት» ያልሽው ለዚህ ነው።

ይህን የምልሽ ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ጥምቀት ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ የአምስት ክፍል ቱቦ እንድቀይር ተላክሁ። ያን ሰሞን ጎንደር እንዴት እንደምትሆን ታውቂዋለሽ፤ ባዶ አልጋ አይገኝም። አራቱ ክፍሎች ወዲያው አለቁ። አምስተኛው ግን አስቸገረኝ። ፈታሁት፣ ቴፍሎን ጨመርኩ፣ አጠበቅኩ፤ ያንጠባጥባል። ደግሜ ፈታሁ፣ ደግሜ ጨመርኩ። በአራተኛው ላይ ዳዶው በእጄ ላይ ለሁለት ተሰነጠቀ። ውሃው ተረጭቶ በሩ አጠገብ የተቀመጠውን የእንግዳውን ሻንጣ አበሰበሰው። ሰውየው የነጭ ልብሱን ለጥምቀት ብሎ ከሩቅ ይዞት የመጣ ነበር። ፊቱን እስካሁን አልረሳሁትም።

አለቃዬ ተጠርቶ መጣ። ምንም አልተናገረኝም። ትንሿን ጣቱን ወደ ሚክሰሩ መውጫ ሰደደና ከንፈሩን ዳሰሰው። ከዚያ በጥፍሩ ፈልፍሎ አንድ ጥቁር ነገር አወጣ። የድሮው ቱቦ ዋሸር ነበረች። ለዓመታት ተጨምቃ፣ ደርቃ፣ ከብረቱ ጋር አንድ አካል መስላ ተጣብቃ ቀርታለች። እኔ አዲሷን ዋሸር በእሷ ላይ ነበር የምጭናት። ጎማ በጎማ ላይ ይንሸራተታል፣ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ ምንም ብታጠብቂው አይይዝም። ከዚያን ቀን ወዲህ መጀመሪያ ጣቴን ሳልሰድድ አዲስ ቱቦ ገጥሜ አላውቅም።

አንቺ ቤትም ይኸው ሊሆን ይችላል። ግን ከመፍታትሽ በፊት ጠብታው ከየት እንደሚመጣ እንወቅ፤ በግምት አንሥራ። የሚያስፈልግሽ ሶፍት ብቻ ነው። ዳዶውንም ቱቦውንም በጨርቅ አድርቂ። ከዚያ ሶፍት ቀዳደሽ ሦስት ቦታ ላይ ለየብቻ ጠቅልዪ። አንዱን ከዳዶው በላይ፣ ሚክሰሩና መውጫዋ ኒፕል የሚገናኙበት ላይ። ሁለተኛውን ራሱ ዳዶው ላይ፣ ከላይኛው ጠርዙ ጀምሮ። ሦስተኛውን ከዳዶው በታች፣ ቱቦው ከዳዶው በሚወጣበት አንገት ላይ። የሻወሩን ራስ ባልዲ ውስጥ አስገቢና ቀስ ብለሽ ክፈቺ። ዓይንሽን አትንቀዪ። ማየት ያለብሽ መጀመሪያ የሚርሰውን ነው። ትንሽ ከቆየሽ ውሃው ወደ ታች ወርዶ ሁሉንም ስለሚያርሳቸው ፍርዱ ይጠፋብሻል።

ዳዶው ላይ ያለው፣ በተለይ በላይኛው ጠርዙ በኩል ቀድሞ ከራሰ፣ ችግሩ ዋሸሯ ናት፤ ወይም ደግሞ ዳዶው ተሰንጥቋል። የታችኛው አንገት ቀድሞ ከራሰ ቱቦው ራሱ ውስጡ ተበስቷል ወይም ከአንገቱ ተላቅቋል። እሱን ምንም ማጥበቅ አያድነውም፤ አዲስም ቢሆን መልሰሽ ለውጠሽ አምጪ። ከሁሉም በላይ ያለው ከራሰ ኒፕሏ ናት የላላችው። ቴፍሎን የምትፈልገው እሷ ናት። ድሮ በፒንሳ ስትታገዪ ዳዶውን ሳይሆን ኒፕሏን አዙረሻት ሊሆን ይችላል፤ ይህ በጣም የሚያጋጥም ነገር ነው።

አሁን እንፍታው። ቆጣሪ መዝጋት፣ የሮቶውን መስመር መዝጋት አያስፈልግሽም። ቱቦው ከበሩ ወዲህ ነው ብለናል፤ ሚክሰሩን ዝጊ፣ በቃ። ብዙ ሰው ለዚህች ሥራ ውሃ የሚጠፋበትን ቀን ሲጠብቅ አያለሁ። ያንቺ ቤት ሻወር ግን ውሃውን እዚያው የሚያሞቅ የኤሌክትሪክ ሻወር ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፊ። 220 ቮልት በእርጥብ እጅ አይነካም። ቦይለር ከሆነም ከመጀመርሽ በፊት አጥፊውና ቱቦው ውስጥ የቀረው ሙቅ ውሃ ይውጣ።

ወለሉ ላይ ያለውን የውሃ መውረጃ በጨርቅ ሸፍኚ። ዋሸሯ ወድቃ እዚያ ከገባች ሌላ ፍለጋ ገበያ ልትወጪ ነው።

ስለ አቅጣጫው ጠንቀቅ በዪ። ዳዶው ከሚክሰሩ ሥር ወደ ታች የተንጠለጠለ ነው። ቆመሽ ከላይ ስታዪው አቅጣጫው ይገለበጥብሻል። ስለዚህ ቁጭ በዪና ከታች ወደ ላይ እያየሽ ሰዓት ከሚዞርበት በተቃራኒ አዙሪው፤ ይላላል። «ደርቆ አልፈታ አለኝ» ከሚሉኝ ሰዎች ውስጥ ብዙዎቹ ሳያውቁት ሲያጠብቁት የቆዩ ናቸው። አልፈታ ካለሽ ቁራጭ ጨርቅ አቼቶ ነክረሽ ዳዶው ላይ እሰሪና ግማሽ ሰዓት ተዪው። ነጩ፣ ድንጋይ የመሰለው ነገር ይሟሟል። ከዚያ አፉ በሚሰፋና በሚጠብ ቁልፍ ያዢው፤ ፒንሳ ጠርዙን ይበላዋል። በቁልፉና በዳዶው መሐል ጨርቅ አድርጊ። በሌላው እጅሽ ሚክሰሩን ደግፊ፤ ጉልበትሽ ግድግዳው ውስጥ ወዳለው ቧንቧ እንዳይሄድ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለምንሽ። አቼቶ ያደረግሽበት ቦታ ላይ በረኪና እንዳታደርጊ። ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። መታጠቢያ ቤት ደግሞ ጠባብና ዝግ ነው። በአቼቶ ከሠራሽ በኋላ በደንብ በውሃ አጥቢው።

ሲፈታ ቴፍሎኑን ሁሉ ልቀሚው። ክር የምታህል እንኳ አትቅር። ተቆርጣ ወደ ውስጥ ከገባች የሻወሩን ራስ ቀዳዳዎች ትደፍናለች። ከዚያ ጣትሽን ስደጂ። የሚክሰሩን መውጫ ከንፈር ዙሪያውን ዳብሺው። የሚሻክር፣ የሚቆረቁር፣ ለስለስ ብሎ የተጣበቀ ነገር ካገኘሽ በክብሪት እንጨት ፈልፍዪው። ቢላዋ አታስገቢ፤ ብረቱን ይጭረውና ውሃ የሚያልፍበት ቦይ ይሠራል። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አቼቶ አድርገሽ እሺው። ጨርሰሽ ጥፍርሽን ዙሪያውን ስታስኬጂው ምንም ሳይዘው መንሸራተት አለበት። ይህን ሥራ አትቸኩዪበት። ከሁሉም በላይ ዋጋ ያለው ይህ ነው።

ዋሸሯን ደግሞ በጥፍርሽ ተጫኛት። የጥፍርሽ ምልክት ወዲያው ከጠፋ ደህና ናት። ምልክቱ ከቀረ፣ ወይም ጠርዟ ከተሸረፈ፣ ወይም እንደ ፕላስቲክ ከጠነከረች ቀይሪያት። ሙቅ ውሃ ጎማን ከዓመት ዓመት ያደርቀዋል። ስትገዢ ለግማሽ ኢንች የሻወር ቱቦ በዪ። ውጪዋ 18 ሚሊሜትር አካባቢ፣ ውፍረቷ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ናት። የሚክሰሩ ከንፈር ትንሽ የተጎዳ ከሆነ ወፍራሟን ምረጪ። ሱቅ ተዘግቶ እናትሽ መታጠብ ካለባት ደግሞ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ ላይ በመቀስ ክብ ቆርጠሽ፣ መሐሏን በስተሽ ለጊዜው ማዋል ይቻላል። አሮጌዋን ዋሸር አስቀምጠሽበት በእስክሪብቶ ዙሪያዋን ከሠራሽ ልኩ አይጠፋሽም። ለሳምንት ያህል ታገለግልሻለች።

ሲገጠም ዋሸሯ ዳዶው ግርጌ ጠፍጣፋ ሆና መተኛቷን እዪ። ቴፍሎን የለም። ዳዶውን በእጅሽ ብቻ፣ ያለ ምንም ቁልፍ፣ እስኪቆም አዙሪው። መጀመሪያ ላይ በጣትሽ ጫፍ እንደ ዘይት መሄድ አለበት። ከጅምሩ ከከበደሽ ጥርሱ ተጣሞ ገብቷል፤ ፍቺና እንደገና ጀምሪ። በእጅ ሲቆም በጨርቁ ላይ ቁልፉን አድርገሽ ሩብ ዙር ጨምሪ። ሩብ ዙር ብቻ። ከዚያ በኋላ ቢያንጠባጥብ ሌላ ሩብ ዙር ከመጨመርሽ በፊት ወደ ሶፍቱ ተመለሺ።

ቀድሞ በፒንሳ ያጠበቅሽውን ዳዶ ግን አልምነውም። መስኮት አጠገብ ወስደሽ በብርሃን እዪው። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ካለችው አዲሱን ቱቦ እንደገና መቀየር ግድ ነው። ያሳዝናል፣ ግን ከሚክሰር ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

እንዲያ ከሆነ ስለ አገዛዙ ትንሽ ላውራሽ። ፒያሳም ሆነ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ የሕንጻ መሣሪያ መደብሮች ገብተሽ የሻወር ቱቦ ወይም ፍሌክሲብል ብትዪ ያቀርቡልሻል። ስለ ልክ አትጨነቂ። ሁለቱም ጫፍ ግማሽ ኢንች ነው፤ ከየትም ሀገር ቢመጣ አብዛኛው ይሄው ነው። በማስመሪያ ለክተሽ የሚክሰሩ ጥርስ 21 ሚሊሜትር ገደማ ቢሆንብሽ አትደንግጪ። ግማሽ ኢንች የሚባለው የቧንቧው ስም እንጂ የጥርሱ የውጭ ስፋት አይደለም።

ከማሸጊያው ሳታወጪ አትክፈዪ። ትንሽ ማግኔት ይዘሽ ሂጂና ዳዶውን ንኪው። ናስ ማግኔት አይዘውም። ከያዘው ከላይ የተለበጠ ብረት ነው፤ ይዝጋል። ቀለል ብሎ ፕላስቲክ የሆነውም አለ፤ እሱ ነው በቶሎ የሚሰነጠቀው። ቱቦውን ከአንገቱ ይዘሽ በሁለት እጅሽ ቀስ ብለሽ ሳቢው። ዳዶውና ጥቅልሉ መሐል ክፍተት ካየሽ ተዪው፤ ውስጡ ያለው ጎማ ባጭር ነው የተያዘው፣ አንድ ቀን ሾልኮ ይወጣል። ከዚያ ወደ ቀዳዳው እዪ። ይህ እንዳንቺ በሮቶ ለሚጠቀም ሰው ከሁሉም ይበልጣል።

ለምን መሰለሽ? ከሮቶ የሚመጣ ውሃ ግፊቱን የሚያገኘው ከከፍታው ብቻ ነው። የፋሲል መዋኛ ለጥምቀት ሲሞላ ውሃው ከቀሃ ወንዝ በቦይ ይመጣል፤ የሚያመጣው ቁልቁለቱ ነው። ያንቺም ሮቶ ሥራው ይኸው ነው። 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ያህል ግፊት ይሰጣል። ሮቶሽ ከሻወሩ በ3 ሜትር ብቻ ከፍ ካለ ያለሽ 0.3 ባር ነው። ይህ ደካማ ግፊት ነው፣ ጠባብ ቱቦ ደግሞ ያንኑ ይበላዋል። ርካሾቹ ቱቦዎች የውስጥ ቀዳዳቸው 8 ሚሊሜትር ያህል ነው። 11 የሆነ ካገኘሽ የመተላለፊያው ስፋት እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ከውጭ ሁለቱም አንድ ይመስላሉ። ስለዚህ ዳዶውን ወደ ዓይንሽ አቅርበሽ አወዳድሪ። የሻወሩ ራስ ውስጥም አንዳንዴ ትንሽ የፕላስቲክ ክብ ትኖራለች፤ ውሃ ለመቆጠብ የምትደረግ ናት። በሮቶ ግፊት ግን ውሃውን ልታንቅ ትችላለች። አውጥተሽ ሞክሪው።

ርዝመቱን ለእናትሽ ብለሽ ምረጪ። ገበያ ላይ የሚበዛው 1.5 ሜትር ነው። ቆሞ ለሚታጠብ ሰው ይበቃል። በርጩማ ላይ ለተቀመጠ ሰው ግን ጀርባውን ለማጠብ ሲያዞረው ቱቦው ይወጠራል። የሚወጠረው ደግሞ አንገቱ ላይ ነው፤ ቱቦ የሚሞተውም በአንገቱ ነው። በርጩማው ከሚክሰሩ ሥር ካልሆነ 2 ሜትር ውሰጂ። በርጩማው እዚያው ከሆነ 1.5ቱ ይሻላል፤ ረጅም ቱቦ የሮቶውን ግፊት ትንሽ ይቀንሳል፣ ወለል ላይም ይጋደማል፣ እግር ያደናቅፋል። ለእናትሽ መደናቀፍ ከጠብታ በላይ ያሰጋኛል። ከቻልሽ የእጅ ሻወሩን መስቀያ ሁለተኛ ዝቅ አድርገሽ አስመቺላት፤ ተቀምጣ እጇ በሚደርስበት ከፍታ።

ሁለቱ ጫፎች አንድ እንዳልሆኑ ታያለሽ። ጎን ጎን ያለው ዳዶ ወደ ሚክሰሩ ነው። ወደ ታች እየጠበበ የሚሄደው ሾጣጣው ደግሞ የእጅ ሻወሩ ላይ ይገጠማል፤ መስቀያው ላይ የሚቀመጠው እሱ ነው። ተገላብጦ ቢገጠምም ይሠራል፣ ግን መስቀያው አይዘውም። እዚያኛውም ጫፍ ዋሸር አለች፤ አትርሻት። ወንፊት ያላት ዋሸር ከመጣችልሽ የእጅ ሻወሩ ጋ አድርጊያት፣ ቆሻሻ ስትይዝ በቀላሉ ትጸዳለች።

አሁን ወደ ፈረቃው። እዚህ ላይ ከሌላ ከተማ ሰው ይልቅ እኛ ጎንደሮች ልንጠነቀቅ ይገባል። በሮቶ ሞክረሽ ደረቅ ሆኖ ካገኘሽው ሥራው አላለቀም። ቤትሽ የከተማው መስመር በቀጥታም ወደ ሻወሩ የሚሄድ ከሆነ፣ ውሃ በሚመጣበት ሰዓት ግፊቱ የሮቶውን ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ በተለይ ሌሊት፣ ሰው ሲተኛ። በሮቶ ያልታየ ቀዳዳ ያኔ ነው የሚታየው። ስለዚህ ፈረቃሽ ሲደርስ ሶፍቱን ደግመሽ ጠቅልዪና ለአምስት ደቂቃ ክፍት አድርገሽ እዪው።

ግን ውሃው እንደመጣ ሻወሩን አትክፈቺ። ለቀናት ባዶ የከረመ መስመር በአየር የተሞላ ነው። ውሃው አየሩን እያባረረ ሲመጣ ይተኩሳል፣ ቧንቧው ይንቀጠቀጣል። የቧንቧ ዝገትና ዝቃጭም ይዞ ይመጣል። ለከተማችን ውሃ የሚሰጠው የአንገረብ ግድብ በደለል መቸገሩ የታወቀ ነው፤ ክረምት ላይ ደግሞ ድፍርሱ ይብሳል። መጀመሪያ ግቢ ያለውን ቧንቧ ወይም የእጅ መታጠቢያውን ክፈቺ። አየሩ እስኪያልቅ፣ ውሃው እስኪጠራ ባልዲ ውስጥ ይውረድ። ያ ውሃ ለሽንት ቤት ይሆናል፣ አይባክንም። ከዚያ በኋላ ሻወሩን ክፈቺ።

አንድ የመጨረሻ ልማድ ልጠይቅሽ። የእጅ ሻወራችሁ ራሱ ላይ የመዝጊያ ቁልፍ አለው? ካለው፣ ሳሙና ስትቀቡ ለአፍታ ለመዝጋት ጥሩ ነው፣ ውሃም ይቆጥባል። ታጥባችሁ ስትጨርሱ ግን ሚክሰሩን ዝጉ። በእጅ ሻወሩ ብቻ ዘግታችሁ ከሄዳችሁ በሩ ክፍት ነው ማለት ነው። ቱቦው ሌት ተቀን ግፊት ተሸክሞ ያድራል። አብዛኛው የሻወር ቱቦ ለዚያ አልተሠራም። ሌሊት ድንገት መስመሩ ሲመጣ ሊፈነዳ ይችላል፤ ሰው ተኝቶ እያለ ውሃው ሳሎን ይደርሳል። ሙቁና ቀዝቃዛውም ሚክሰሩ ውስጥ ስለሚገናኙ አንዱ ወደ ሌላው መስመር ሊገፋ ይችላል። እናትሽ ጉልበቷ ስለሚያማት ተነሥታ ሚክሰሩን መዝጋት ሊከብዳት ይችላል። እሷ ስትጨርስ አንድ ሰው ገብቶ ይዝጋላት።

ሶፍቱን ሞክሪና ከሦስቱ የትኛው ቀድሞ እንደራሰ ጻፊልኝ። ኒፕሏ ከሆነች ከመፍታትሽ በፊት ፎቶ አንሥተሽ ላኪ፤ እሷን የምንይዝበት መንገድ ትንሽ ይለያል። ለእናትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።